ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረው ሰዓት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የኮሌጁ ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዳር ዳሩ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ስሜ የተጻፈበት ጥሩ ሰዓት ነው። ይዤው ቤት ስገባ ሙሉ፣ ባለቤቴ፣ አገላብጣ አየችውና፣ «ምን ያደርግለታል ብለው ነው? አንተ እንደሆንክ ሰዓት ቀድመህ ነው የምትኖረው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ያልለቀቀኝ ነገር ቢኖር ችኮላዬ ነው። ሻይ ሳይበርድ እጠጣለሁ፤ ሰው ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን እኔ እጨርስለታለሁ፤ ሚኒባሱ ሳይቆም እጄ በሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን የሥራ ዘመኑን ማብቂያ የፈጀው ተማሪ እየነዘነዘ፣ ዕቃ ጊዜው እስኪደርስ እንዴት መቆየት እንዳለበት በማስተማር ነው። ማይክሮኮንትሮለር የምትባለውን ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ፣ «ይህን አብሪ፤ ይህን ያህል ቆይተሽ አጥፊ» ብሎ ማዘዝ ነበር እንጀራዬ። ማብራቱም ማጥፋቱም ቀላል ነው። ጠጉሬን ያሸበተችው «ይህን ያህል ቆይተሽ» የምትለዋ ነች።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ይመጡብኛል። አንዱ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት ከላላ በምትባል ትንሽ ከተማ ዐረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ሁለተኛዋ የአቀስታዋ ወይዘሮ ዘነበች ናት። እሷ ዕድሜ ይስጣትና ዛሬም ስልክ ደውላ ትቆጣኛለች።

የመጀመሪያ ምድቤ ከላላ ነበር። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በሬዲዮ የሚተላለፍ ትምህርት ያዳምጡ ነበርና፣ ሬዲዮኖቹ ሲበላሹ የሚጠገኑባት አንዲት ክፍል ከገበያው በላይ ነበረች። ከሙያ ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ የምስክር ወረቀቴን ላስቲክ አስለብሼ ስደርስ፣ ጋሽ ሰይድ አንድ ሬዲዮ ከፍተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ዝም ብለዋል። ሰላም ብላቸው በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። ብዙ ቆይተው፣ «አሁን ተናገረ» አሉ። የሬዲዮኑን ሕመም ማለታቸው ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ንግግራቸው ዝግ ያለ ስለሆነ፣ ለእኔ ዓይነቱ የጀመሩትን እስኪጨርሱ መጠበቁ ራሱ ፈተና ነበር።

እሳቸው ዘንድ የተጠገነ ሬዲዮ ወዲያው አይመለስም። ግማሽ ሰዓት ተከፍቶ መጮህና መሞቅ አለበት፤ ሲሞቅ የሚያምፅ ከሆነ እዚያው ፊታችን ይመፅ ነው ነገሩ። ለዚህ በእጅ የሚሞላ ባለ ደወል የጠረጴዛ ሰዓት ነበራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሬዲዮ ጠግኜ፣ ደወሉን ሞልቼ ሰዓቱ ፊት ተቀመጥኩ።

«ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

«እየጠበቅሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

«ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ።»

መበየጃቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «እሱማ የሰዓቱ ሥራ ነው። አንት የሱን ሥራ ከወሰድህበት፣ ያንተን ማን ይሥራልህ?» ብለው ሰዓቱን አነሡና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው መልሰው አስቀመጡት። «አብሽር፤ ሲደርስ ይጠራሃል።»

ከዚያ ቀን በኋላ የዚያን ሰዓት ፊት አይቼው አላውቅም ማለት እችላለሁ። ጀርባውን ግን እስከ ዛሬ ልሥለው እችላለሁ፤ የመሙያዋን ቁልፍ፣ ቀለሙ የተላጠውን ጥግ፣ የደወሉን ቆብ። መጀመሪያ ሰሞን አንገቴ ወደዚያ እየተጠማዘዘ አስቸግሮኝ ነበር። እያደር ግን ሰዓቱን ረስቼ ሥራዬ ውስጥ መስጠም ቻልኩ፤ ደወሉ ሲጮህም ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እደነግጥ ነበር።

ጋሽ ሰይድ አይደነግጡም። ደወሉ ሲጮህ መበየጃውን ማረፊያው ላይ ያስቀምጣሉ። ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው አንዲት እንጨት ይመዝዙና የደረሱበት ቦታ ላይ፣ ገና ያልተነካው ሽቦ አጠገብ፣ ጋደም ያደርጓታል። ተነሥተው የሞቀውን ሬዲዮ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ ያጠፉታል። ከዚያ ተመልሰው ክብሪቷን አንሥተው ከዚያው ይቀጥላሉ። ፍለጋ የለ፣ «የቱ ጋ ነበርኩ» የለ። ወሬያቸውም እንደዚሁ ነበር። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ደወሉ ቢጠራቸው ሄደው፣ ሠርተው፣ ተመልሰው የቀረውን ግማሽ ይነግሩሃል። ሻይ ቤት ያሉ ሰዎች በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር። እኔም እቀልድ ነበር።

ከከላላ በኋላ አገላብጠው አገላብጠው መደቡኝ። አቀስታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት በመጣ ጊዜ የቴሌቪዥኖቹ ሐኪም ሆንኩ፤ ከብርዱ የተነሣ ጣቶቼ ብሎን አልይዝ ይሉ ነበር። ማሻ በተመደብኩ ጊዜ ደግሞ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ የተቀመጠ ባለሙያ ሥራ እየሠራ ነው ብሎ አያምንም። እሱ ሲመጣ ጤነኛ ዕቃ ፈትቼ እገጥም ነበር፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ዝውውር ደመወዜን ባለቤቴ እንዴት እንዳብቃቃችው እሷ ትጻፈው። በመጨረሻ መካነ ሰላም የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ሆኜ ተመደብኩ፣ ከዚያም አልተነሣሁም። ቺፗን ያገኘኋት እዚያ ነው፤ እንደ ወጣት ፍቅር ያዘኝ።

ቺፗን እንድትቆይ ማድረግ የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አጭር ነው። አንዲት መስመር ትጽፋለህ፤ ቺፗም ያዘዝካት ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ቁጥር እየቆጠረች ባዶውን ትዞራለች። ስትቆጥር ሌላ ነገር አታይም፣ ብትጠራትም አትሰማም። ሁለተኛው መንገድ ታይመሩ ነው። ቺፗ ውስጥ ከአንጎሏ ተለይቶ የተቀመጠ፣ ራሱን የቻለ ቆጣሪ አለ። ትንሽ ጣሳ ነው በሉት። ኳርትዝ ከምትባለው፣ ሳታቋርጥ ከምትርገበገበው ጠጠር የሚመጣው ምት እንደ ጠብታ ይሞላዋል። ጠብታው እጅግ ስለሚፈጥን፣ ከሺህ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት ታደርግለታለህ። ጣሳው ጢም ሲል ይደፋል፤ በተደፋ ቁጥር አንጎሏን ይጠራታል። አንጎሏ የያዘችውን ሥራ የት እንደደረሰች ምልክት አድርጋ ትነሣለች፣ የተጠራችበትን ትሠራለች፣ ተመልሳ ከዚያው ትቀጥላለች። ጣሳው ትንሽ ነውና ሰዓታትን መቁጠር ከፈለግህ ስንት ጊዜ እንደተደፋ መያዝ ብቻ ነው። በመሐሉ ባለው ጊዜ ሁሉ እሷ ነፃ ናት።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ አስተምረውም ነበር። ግን ለታይመሩ መመሪያውን መግለጥ፣ ወንፊቱን መምረጥ፣ ጣሳው ከምን ያህል ተነሥቶ እንደሚሞላ ማስላት አለ። አጭሩ መንገድ አንድ መስመር ነው። የእኔን ጠባይ ነግሬያችኋለሁ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ወይዘሮ ዘነበች ከአቀስታ በሚኒባስ መጥታ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። አጭር፣ ደረቷን የነፋች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ናት።

«መምህር፣ የጠየቋቸውን ይሠራሉ ቢሉኝ ነው የመጣሁት» አለች።

«ምን ልሥራልዎ?»

«ዶሮ።»

ሳቄን ዋጥኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ዶሯችን ካቀፈች መጣሉን ታቆማለች፤ ከጣለች ደግሞ አታቅፍም። እኛ ሁለቱንም ፈለግን። እሷ ትጣል፤ ማቀፉን ሌላ ነገር ይቀፍላት።» ማኅበር ነበራቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት የጎረቤት ሴቶች ማኅበር። ከከተማ የሚመጣው የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። «አገኛለሁ ብዬ ሁሉንም ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። ግማሾቹ ሳጥን እንዴት ያቅፋል ብለው ሲስቁብኝ ነው የከረሙት። ባዶ እጄን ከገባሁ፣ መምህር፣ ከእንግዲህ የሚሰማኝ የለም።»

በወር አደርሳለሁ አልኳት። ከወር በፊት አደረስኩ። ሳጥኑ ባለ ሁለት ግድግዳ ሆኖ መሐሉ ጭድ ተሞላ። ለሙቀቱ አምፖል፣ ለርጥበቱ የውኃ ሳህን፣ ሙቀቱን የሚለካ ሴንሰር ገባለት፤ አምፖሉን በሙቀቱ ልክ የምታበራውም የምታጠፋውም ቺፗ ናት። እንቁላል በየጥቂት ሰዓቱ መገልበጥ አለበት፤ ያቀፈች ዶሮ በምንቃሯ የምታደርገው ነው። ለዚህ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከጋራዥ ገዝቼ መደርደሪያዎቹን እንዲያጋድል አደረግሁት። እንቁላሉ እንዳይናጋ ጥቂት ይገፋል፣ ያርፋል፤ ጥቂት ይገፋል፣ ያርፋል። አንዱ ግልበጣ ከነረፍቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ረፍቶቹን የጻፍኳቸው በአጭሩ መንገድ ነው። ሙከራ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ረፍቶቹን ወደ ሰከንድ አሳጥሬ አየሁት። ሸጋ አድርጎ ሠራ።

ሳጥኑን አቀስታ ወስደን እንቁላሉን ያስገባነው በሁዳዴ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ነው። በጾሙ የሚበላው ስለሌለ እንቁላል በየክርስቲያኑ ቤት ተከማችቷል። ዘነበች ቤት ለቤት ዞራ ትኩስ ትኩሱን ለቀመችው፤ የማኅበሩ እስላሞች እነ ዘሐራም የየድርሻቸውን አመጡ። የአቀስታን ብርድ ስለማውቀው አምፖሎቹን በትልልቅ ለወጥኩ፣ ረፍቶቹን ወደ እውነተኛው ጊዜ መለስኩ፣ ሴቶቹ እልል ብለው ክዳኑን ዘጉት። አንድ ግልበጣ እንኳ ሳላይ የከሰዓቱ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። የምቸኩልበት ጉዳይ ምን እንደነበር ዛሬ ሳስበው ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ዘነበች ደወለች። «መምህር፣ ሳጥንዎ እሳት ሆኗል» ብላ ዘጋችው።

ስደርስ ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመዋል። ዘነበች ከላይኛው መደርደሪያ አንድ እንቁላል አንሥታ ሳህን ጠርዝ ላይ መታችው። አልፈሰሰም። ነጩም አስኳሉም ረግቷል። ሁለተኛ መታች፤ እንደዚያው። ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በሁዳዴ ቀቅለህ አቀረብህልን» አለች። ከዚያ በፊት አንተ ብላኝ አታውቅም።

ከኋላ ዘሐራ፣ «አብሽሩ፣ የእኛ ጾም አይደለም፤ እኛ እንብላላችሁ» አለችና ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ዘነበችም ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተንፈራፈረች ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ምን ልበላቸው እኔ?» ትላለች። የምትላቸው ሰዎች እዚያው ከበዋት ቆመዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አምፖሉ በዝቶ ነው» አልኩ። አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ ነው ያልኩት።

ሳጥኑን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ወደ መካነ ሰላም መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቺፗ ያለችበትን መቆጣጠሪያ ብቻ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከላላ ሄድኩ። ነገር ሲያቅተኝ እግሬ የሚያውቀው መንገድ ያ ነው። ጋሽ ሰይድ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከውስጥ፣ ከግድግዳው የተጠጋች ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ባለ ደወል ሰዓት አለ። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ቺፗ ምንም አልጠየቁኝም።

«ለሴቶቹ ምን አልኻቸው?»

«አምፖሉ ነው አልኳቸው።»

«ነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ያላወቅኸውን ነው የነገርኻቸው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርገው፣ «አንት ልጅ፣ ይኼ ችኮላህ እኮ…» ሲሉ ደወሉ ጮኸ።

የልብ መድኃኒታቸው ሰዓት ነበር። ተነሡ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ፣ ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ መለሱት።

«…ከክፋት አይደለም። ሰው ተስፋ አድርጎ ሲጠብቅ ማየት አትችልም። አንጀትህ አይችልም፤ ቶሎ ልትሰጠው ትሻለህ። ወላሂ እኔ አውቅሃለሁ።»

ዕንባዬ መጣ። ሙሉ እንኳ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። ከዕንባዬ ጋር ግን ሌላም ነገር መጣብኝ። እኒህ ሰው ከእኔ ጋር ሲያወሩ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰዓቱ አላዩም፤ መድኃኒታቸውም አላለፈ፣ ወሬያቸውም አልጠፋ። የእኔ ቺፕ ደግሞ ረፍቱን ቁጭ ብላ እየቆጠረች፣ ያን ጊዜ ሙቀቱን የሚያይ ማን ነበር? ማንም። አቀስታ ብርድ ነው፤ ግልበጣው ሲጀመር አምፖሉ በርቶ ካገኘው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚያጠፋው የለም። ሙከራዬ ላይ ረፍቶቹ ሰከንድ ስለነበሩ ጥፋቱ አልታየም። ሰዓት ላይ ያፈጠጠውን የዚያን የመጀመሪያ ሳምንት ወጣት ነው ወስጄ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት።

«አምፖሉ አይደለም» አልኩ።

«ሂድና ንገራቸዋ» አሉኝ።

ከዘነበች ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን የእኔ አሠራር መሆኑን፣ መስተካከል እንደሚችል፣ ግን ሌላ እንቁላል እንደሚያስፈልግ ነገርኳት።

«የተረፈ አለ፤ በየቤቱ» አለች።

«የከረመ አይሆንም። ከሳምንት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ሥራውን ደግሞ ለሕማማት ነው የማደርሰው።»

አሰላችው። ፊቷ ላይ ሲሰላ አየሁት። «የሕማማት ሳምንት እንቁላል?» አለች ቀስ ብላ። «እሱ እኮ የፋሲካ ነው። የዶሮ ወጡ ነው እኮ፣ መምህር። አንድ ጊዜ የቀቀልንባቸውን ሴቶች፣ የፋሲካችሁን እንቁላል አምጡ ልበላቸው?»

ዘነበች ነጠላዋን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረችው። «ይሂዱ፣ ይሥሩት። እንቁላሉን ለእኔ ይተዉት።»

ሠራሁት። ሳጥኑን በሚኒባስ መካነ ሰላም አምጥቼ፣ በዚህ ጊዜ መመሪያውን ገልጬ፣ ወንፊቱን መርጬ፣ ጣሳውን አስልቼ፣ ሁለት ጊዜም ተሳስቼ ሠራሁት። አንጎሏ የምትሠራው አንድ ሥራ ብቻ ሆነ፤ ሙቀቱን ማየት። ረፍቱንም የግልበጣውን ሰዓትም የሚቆጥረው ታይመሩ ነው። ሲደርስ ይጠራታል፣ ሞተሩን ጥቂት ትገፋለች፣ ወደ ሙቀቷ ትመለሳለች። ቀኑም አብሮ እንዲቆጠር አደረግሁና፣ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀር ግልበጣው ቆሞ አንዲት ትንሽ ደወል እንድትጮህ አደረግሁ። ሳጥኑን በረንዳ ላይ፣ ብርዱ ላይ አውጥቼ ቀናት ሙሉ በእውነተኛው ጊዜ ሞከርኩት። ተማሪዎቼ መምህር ታመዋል ብለው አስወሩ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ይዤ አቀስታ ስገባ እንቁላሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እንዴት እንዳሳመነቻቸው አልጠየቅኋትም። ዘሐራ ነች ኋላ የነገረችኝ፤ ዘነበች መጀመሪያ የራሷን ቤት እንቁላል በሙሉ ሰፌድ ላይ አድርጋ፣ ያንን ይዛ በየበሩ እየቆመች ነው የለመነችው። «አይሆንም ያለችኝ ትሳቅብኝ፤ የሰጠችኝ ግን የእኔ እህት ናት» ትል ነበር አሉ።

ያን ፋሲካ ከሙሉ ጋር አቀስታ ዋልን። ሦስት ቤት ተጠርተን ሦስት ቤት በላን። በሦስቱም ቤት ዶሮ ወጥ ቀረበልን፤ በአንዱም ወጥ ውስጥ እንቁላል አልነበረም። አጉራሹ ያጎርሳል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ስለ እንቁላሉ ያነሣ ሰው የለም። ሙሉ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሳጥኑ የተቀመጠው ዘነበች ጓዳ ነው። ሙቀቱን በቁጥር የምታሳየው ትንሽ ስክሪን ያለችበትን ጎን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። «ማንም እንዳይከፍት፣ ማንም እንዳያይ። ሲደርስ ይጠራናል» አልኩ። ዘነበች አየችኝና፣ «ለእኛ ነው ለራስዎ?» አለች።

የትንሿ ደወል መጮህ በስልክ ሲነገረኝ ከኮሌጁ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የመጨረሻው ቀን መጣ። ሴቶቹ ደጅ ላይ ናቸው፤ ወሬያቸው ዝቅ ብሏል። ጓዳው ውስጥ እኔና ዘነበች ብቻ ነን። ታይመሩ የሚቆጥረውን ሁሉ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ በእኔ ስሌት የሚሆን ነገር የለም። ያ ነው የከበደኝ። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አደርጋለሁ። ምንም የለም። ዘነበች በርጩማዋን ጎትታ ሳጥኑን ተደግፋ ተቀመጠች፤ እንዳልከፍተው ነው። ፊቷን ሳየው የፈራችው ከእኔ በላይ ነበር። ስሟ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሰማን። ጭረት ነው። ከዚያ አንዲት ቀጭን «ጭው»።

ዘልዬ ክዳኑን ያዝኩ። ዘነበች የኮቴን ጫፍ ያዘች። «ይተዉት፣ መምህር። ጫጩት ራሱ ሲወጣ ነው የሚጠናው፤ ቅርፊቱን ከሰበሩለት ይሞታል። ይጨርስ።»

ተቀመጥኩ። ጎን ለጎን፣ ሳጥኑን ተደግፈን ተቀመጥን። ጀርባዬ ላይ ጭረቱ ይሰማኛል። አንዱ ድምፅ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ መቁጠር የማይቻል ሆነ። ዘነበች እጇን ከኮቴ ላይ አላነሣችም። የአንዱን ድምፅ ከሌላው መለየት ሲያቅተን ተነሣች፣ አማተበች፣ ክዳኑን አነሣች። ሁሉም አልተፈለፈለም፤ አብዛኛው ግን እርጥብ ላባውን እያንቀጠቀጠ ይንጫጫል። ሴቶቹ ሰምተው ጓዳውን ሞሉት። እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። ዘነበች አንዷን ቢጫ አንሥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይኸው፣ የፋሲካው እንቁላሌ» አለች።

ጫጩቷ እጄ ላይ ትንፈራገጣለች። ወደ ደጅ ወጥቼ በአንድ እጄ ከላላ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተፈለፈሉ!»

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! ሳይደርስ ከፈትኸው?»

«ወላሂ አልከፈትኩም።»

ሳቁ፤ ያ ዝግ ያለ ሳቃቸው። «ይኸውልህ፣ አንት ልጅ፣ እኔ እኮ ዛሬ…» ሲሉ ከስልኩ ውስጥ ደወሉ ጮኸ። «ቆየኝ» አሉ። ስልኩን አንድ ነገር ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ። ጫማቸው ወለሉ ላይ ሲጎተት፣ ውኃ ሲቀዳ ይሰማኛል። ከኋላዬ ሴቱም ጫጩቱም ይንጫጫል፤ «መምህር የት ሄዱ?» ይባላል። የቀረውን ዓረፍተ ነገር ልገምተው እችል ነበር። አልገመትኩም። ጫጩቷን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኳቸው።